ጥራቱ የሚወሰነው መስቀያው ላይ ነው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የብረትን ገጽ ከዝገት ስለሚጠብቁና ስለሚያሳምሩ ፋብሪካዎች ነው። ኒኬልና ክሮም የሚለብሱ የበር እጀታዎች፣ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከሩ የመብራት ምሰሶዎች፣ በዱቄት ቀለም ተረጭተው ምድጃ የሚገቡ የመስኮት ፍሬሞች ሁሉ የዚህ ኢንዱስትሪ ውጤት ናቸው። ስለ ሥራው ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ኬሚካሉ፣ ገንዳውና ኤሌክትሪኩ ነው። ከገንዳው በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት ተግባራት፣ ዕቃውን መስቀልና ዕቃውን ማውረድ፣ ተራ የጉልበት ሥራ ተደርገው ይታለፋሉ። ይሁንና የብዙ ብልሽቶች ምንጭ ሲፈለግ የሚገኘው እዚያ ነው።

በአንድ ቀን፣ በአንድ መስቀያ ተሰቅለው ከአንድ የኒኬል ገንዳ የወጡ ሁለት እጀታዎች እንዳሉ እናስብ። ከመስቀያው ጠርዝ የዋለው ወፈር ያለ ኒኬል ለብሶ ዓመታት ይቆያል። መሀል ላይ፣ ከሌሎች ዕቃዎች ተጋርዶ የዋለውም ገና እንደወጣ ሲያዩት ያው ያብረቀርቃል፤ ልባሱ ግን ስስ ነው። እርጥበትና የእጅ ላብ ሲፈራረቁበት ከጎድጓዳው በኩል ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ገዢው ኬሚካሉን ይወቅሳል። ሁለቱ የገቡበት ኬሚካል ግን አንድ ነበር፤ የተለያዩት በተሰቀሉበት ቦታ ነው።

ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የሚቀመጠው የብረት መጠን ካለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ጋር ልክ በልክ እንደሚሄድ አሳየ። ለምሳሌ አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ፣ ምንም ሳይባክን ሁሉም ዚንክ በማስቀመጥ ላይ ቢውል፣ 1.22 ግራም ያህል ዚንክ ያስቀምጣል። አንድ መስቀያ ላይ አርባ ዕቃ ካለ፣ ወደ መስቀያው የሚገባው የኤሌክትሪክ ጅረት ለአርባው ይከፋፈላል። ክፍፍሉ እኩል ካልሆነ ልባሱም እኩል አይሆንም።

ኤሌክትሪክ ደግሞ ያዳላል። ወደ ጠርዝ፣ ወደ ጥግና ወደ ሹል ጫፍ ይሰበሰባል፤ ወደ ጎድጓዳና ወደ ተከለለ ቦታ ለመግባት ይቸገራል። ስለዚህ የአንድ ዕቃ ጫፍ ከመጠን በላይ ወፍሮ አልፎ ተርፎም ተቃጥሎ ሳለ፣ የዚያው ዕቃ መሀል የሚፈለገውን ውፍረት ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ልምድ ያለው ሰቃይ ይህንን አውቆ ለዓይን የሚታየውን ወይም ለዝገት የሚጋለጠውን ፊት ወደ አኖዱ፣ ማለትም የሚለበሰው ብረት ወደ ተሰቀለበት የገንዳው ጎን ያዞራል። ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዳይጋረዱ ያራርቃቸዋል። ጠርዝ ላይ ያሉት ከድርሻቸው በላይ እንዳይወስዱ ከአጠገባቸው ባዶ ሽቦ ያቆማል፤ ትርፉ ጅረት ዕቃው ላይ መሆኑ ቀርቶ ሽቦው ላይ ያርፋል።

በኢንዱስትሪ ደረጃ በኤሌክትሪክ የመለበጥ ሙያ የተስፋፋው ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ነው። የኤልኪንግተን ቤተሰብ በ1840 ብርን ከሳያናይድ ውሑድ በኤሌክትሪክ የመለበጥ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሳያናይዱን ለዚህ የተጠቀመው በሙያው ቀዶ ሐኪም የነበረው የከተማዋ ነዋሪ ጆን ራይት ነው። በዚያ ዘመን ማንኪያውና ሹካው በመዳብ ሽቦ እየታሰረ ገንዳው ላይ ከተጋደመ ዘንግ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ በትልልቅ ፋብሪካዎች መስቀያውን ከገንዳ ገንዳ የሚያሻግረው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ክሬን ነው። ዕቃውን መስቀያው ላይ የሚያደርገው ግን አሁንም በአብዛኛው የሰው እጅ ነው፤ የዕቃው ቅርጽ በየትእዛዙ ስለሚለዋወጥ ለእያንዳንዱ ማሽን ማዘጋጀት አያዋጣም።

መስቀያውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። አከርካሪው ጅረት በደንብ የሚያስተላልፍ የመዳብ ዘንግ ነው። ከላይ ገንዳው ላይ በተጋደመው አሞሌ ላይ የሚቀመጥ ማንጠልጠያ አለው። ከግራና ከቀኝ እንደ ሞላ የሚለጠጡ ጣቶች ይወጡለታል፤ እነዚህ ከማይዝግ ብረት ወይም ከፎስፈር ነሐስ ይሠራሉ። ከጣቶቹ ጫፍ በቀር መላው መስቀያ በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኗል። ጣቶቹ ሁለት ሥራ አላቸው፦ ዕቃውን አጥብቀው መያዝና ኤሌክትሪኩን ማድረስ። መያዣው ከላላ ዕቃው ገንዳ ውስጥ ይወድቃል ወይም ጅረት ይቋረጥበታል። ጥብቅ ቢሆንም ጫፉ የነካው ቦታ ራቁቱን ይቀራል። በመሆኑም ሰቃዩ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከጀርባ ወይም ኋላ በሌላ ዕቃ በሚሸፈን ቦታ ያደርገዋል።

የፕላስቲኩ ሽፋን ሲሰነጠቅ ችግሩ ይደራረባል። ለዕቃው የታሰበው ኒኬል መስቀያው ላይ ይባክናል። ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ፈሳሽም ቀጣዩን ገንዳ ይበክላል። ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ከሳያናይድ ገንዳ የወጣ መስቀያ ሳይታጠብ አሲድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው የሚገድል ጋዝ ይፈጠራል። ሁለቱም ኬሚካሎች ባሉበት ፋብሪካ የተሰነጠቀ መስቀያ ወዲያው ከሥራ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሌላው የሰቃዩ ፈተና አየርና ፈሳሽ ነው። ጽዋ መሰል ዕቃ አፉ ወደ ታች ሆኖ ቢሰቀል ውስጡ አየር ይታፈናል፤ አየሩ ያለበትን ቦታ ፈሳሹ ስለማይነካው አይለበስም። አፉ ወደ ላይ ቢሆን ደግሞ ከየገንዳው ፈሳሽ ቀድቶ ወደሚቀጥለው ይዞ ይሄዳል። መላው ዘንበል አድርጎ መስቀል ነው፤ አየሩ በአንድ በኩል ይወጣል፣ ፈሳሹም በሌላው በኩል ይንጠባጠባል።

ተንጠባጥቦ ያላለቀ ፈሳሽ ከኪሳራም አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል። በክሮም ሥራ ላይ የሚውለው ባለስድስት ክሮሚየም ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የዚህ ክሮሚየም ውሑድ የሆነው ክሮሚየም ትራይኦክሳይድ ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ ሥራ ላይ አይውልም። እንዲህ ያለ ኬሚካል ባለበት ፋብሪካ መስቀያው ከገንዳው በላይ ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። ዕቃው በትክክል ዘንበል ብሎ ካልተሰቀለ ግን ያ መጠበቅ ብዙም አይፈይድም።

ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ አንድ በአንድ አይሰቀሉም፤ በሺህ ለሚቆጠር ትንሽ ዕቃ ጊዜውም ወጪውም አይፈቅድም። እነዚህ የሚገቡት ጎኑ በሙሉ በተበሳሳ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉ ገንዳ ውስጥ ተጋድሞ በዝግታ ይሽከረከራል፤ ጅረቱ በውስጡ በተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ ጫፍ በኩል ለክምሩ ይደርሳል። እዚህ ላይ የጫኝነት ጥበብ መጠኑን ማወቅ ነው። በርሜሉ ከሞላ ዕቃው አይገላበጥም፤ መሀል ላይ የታፈነውም ሳይለበስ ይወጣል። በጣም ከጎደለ የገመዱ ጫፍ ከክምሩ እየተላቀቀ ጅረቱ ይቆራረጣል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከበርሜሉ ሲሶ እስከ ግማሽ ይሞላል። ሮንዴላ የራሱ ጣጣ አለው። ጠፍጣፋ በመሆኑ እርስ በርሱ እንደ ተደራረበ እንጀራ ይጣበቃል፤ በመካከሉም ልባስ አይገባም። ሠራተኞች የሚለያየው ሌላ ቅርጽ ያለው ዕቃ የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው።

ከኤሌክትሪክ ወደ እሳት እንሻገር። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ብረትን የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የመንከር ዘዴ እስካሁን ከዝገት መከላከያዎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከህዳሴው ግድብ የሚነሡትን 500 ኪሎ ቮልት መስመሮች የተሸከሙትን የመሳሰሉ የማስተላለፊያ ምሰሶዎች ግራጫ መልካቸውን የሚያገኙት ከዚህ ሥራ ነው። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ገንዳው ግን ወደ 450 ዲግሪ ይሞቃል። ብረቱ ቅባቱ ከለቀቀ፣ በአሲድ ከጸዳና ፍላክስ የተባለውን ጨው ከተቀባ በኋላ ይነከራል። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይሶ 1461 ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ለወፈረ ብረት በአማካይ 85 ማይክሮን የዚንክ ልባስ ይጠይቃል።

በዚህ ሥራ ስህተት ሰው ይገድላል። ከቱቦላሬ የተበየደ የግቢ በር ወደ ዚንክ ገንዳ ሊገባ ነው እንበል። በያጁ ጫፎቹን ሁሉ ደፍኖ ሰጥቷል። ከአሲድና ከእጥበት ገንዳ በስንጥቅ የሰረገ ጥቂት ውኃ ውስጡ ቀርቷል። በሩ 450 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ያ ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውኃ በተራ የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1700 ጊዜ ያህል ይጨምራል። መውጫ ያጣ እንፋሎት ቱቦላሬውን ቀዶ የቀለጠ ዚንክ ይረጫል። ውስጡ ፍጹም ደረቅ ቢሆን እንኳ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የቀለጠ ዚንክ ክብደት ከብረት ብዙም ስለማያንስ፣ አየር ያዘለ የተደፈነ ቱቦላሬ ገንዳው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰምጥም።

መፍትሔው ከመሰቀሉ በፊት በትራፓኖ የሚበሳ ቀዳዳ ነው። አንዱ ቀዳዳ ታች ዚንኩ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሌላው በተቃራኒው ጥግ ላይ አየሩ የሚያመልጥበት ይሆናል። ሰቃዩም በሩን የሚያስረው የአየሩ ቀዳዳ ሲነከር የመጨረሻው ከፍታ ላይ፣ ሲወጣ ደግሞ የዚንኩ ቀዳዳ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ እንዲሆን አድርጎ ነው። ቀዳዳው በትክክል ቢበሳም በሩ አግድም ከተሰቀለ ዚንኩ ውስጡ ተኝቶ ይቀራል፤ በሩም ይከብዳል፣ ወጪውም ይንራል።

ማሰሪያው ጥቁር ሽቦና ሰንሰለት ነው። ሁለት ቁራጮች ገንዳው ውስጥ ተነካክተው ከቆዩ የተነካኩበት ቦታ ሳይለበስ ይቀራል፣ ወይም ዚንኩ አጣብቋቸው ይወጣሉ። ሽቦው ዕቃውን አጥብቆ ከቋጠረም ስሩ ያለው ቦታ እንደዚያው ይሆናል፤ ስለዚህ ላላ ብሎ ዕቃው ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ይተዋል። ሊወጣ ሲል ሠራተኞቹ በገንዳው ገጽ ላይ የተንሳፈፈውን አመድ በረጅም መቅዘፊያ ወደ ጎን ይገፋሉ፤ አለዚያ አመዱ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ክሬኑም ቀስ ብሎ ይስባል። ቶሎ ከተሳበ ዚንኩ ሳይወርድ ጫፍ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ እሾህ ይደርቃል።

የምሰሶዎቹ ብሎኖች በቅርጫት ተነክረው፣ ዚንኩ ሳይረጋ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ይራገፋሉ። ካልሆነ ዚንኩ ጥርሱን ይደፍነዋል። የዳዶው ጥርስ ግን ዘወትር የሚወጣው ከተነከረ በኋላ ነው፤ የውስጥ ገጹ ራቁቱን ቢቀርም ሲገጠም የብሎኑ ዚንክ ሁለቱንም ይጠብቃቸዋል።

አሉሚኒየም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አኖዳይዚንግ የተባለው ሥራ በዕቃው ላይ ሌላ ብረት አያለብስም፤ የአሉሚኒየሙን ገጽ ራሱን ወደ ጠንካራ ኦክሳይድ ይለውጠዋል። በ1923 እንግሊዝ ውስጥ በኢንዱስትሪ ደረጃ ሲጀመር ዓላማው የባሕር ላይ አውሮፕላን ክፍሎችን ከጨው ውኃ መጠበቅ ነበር። ይህ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዕቃው በሥራው መሀል መስቀያው ላይ ትንሽ ከተንሸራተተ ጣቱ አዲስ በበቀለ ኦክሳይድ ላይ ያርፋል፤ ጅረቱም እዚያው ያበቃል። በመሆኑም እዚህ መያዣው ከሌላው ሥራ ሁሉ ይጠብቃል። መስቀያው ራሱ አሉሚኒየም ከሆነ እሱም አብሮ ኦክሳይድ ስለሚያበቅል ከየዙሩ በኋላ ገጹ መላጥ አለበት። ታይታኒየም ይህ ጣጣ የለበትም፤ ዋጋው ውድ ነው እንጂ። ለመስኮትና ለበር የሚውለው ረጅም ፕሮፋይል የሚያዘው ከጫፎቹ አካባቢ ነው፤ የመያዣው ምልክት ያረፈበት ጫፍ በኋላ ገጣሚው ሲቆርጠው አብሮ ይወገዳል።

የዱቄት ቀለም ረጪዎች ደግሞ ከመንጠቆ ጋር ይታገላሉ። ዱቄቱ ከመርጫው ሲወጣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል፤ ዕቃው ላይ የሚጣበቀው ዕቃው በመንጠቆውና በማጓጓዣው በኩል ከመሬት ጋር ስለተገናኘ ነው። መንጠቆው ግን በየዙሩ አብሮ ይቀባል፣ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃም አብሮ ይጋገራል። ንብርብሩ ሲበዛ ከመሬት ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። በሙያው የሚጠየቀው ከዕቃው እስከ መሬት ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ከአንድ ሜጋ ኦም እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ዱቄቱ ወደ ዕቃው መሳቡ ቀርቶ ወለሉ ላይ ይበተናል፤ የእሳት ብልጭታም ሊነሣ ይችላል። ረጪው ቀለሙ አልይዝ ሲለው ቮልቴጁን ከመጨመሩ በፊት መንጠቆውን ፍቆ ቢያየው ብዙ ዱቄት ያተርፋል።

አሁን ወደ ማውረዱ እንምጣ። ዕቃው ከመጨረሻው ገንዳ ወጥቶ ሲደርቅ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ዚንክ ከለበሰ በኋላ ቢጫ ወይም ሰማያዊ መልክ የሚሰጠው የክሮሜት ልባስ ግን ገና እንደወጣ ለስላሳ ነው፤ እስኪጠነክር አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ዕቃው ሣጥን ውስጥ ከተወረወረ ይፋቃል። ባዶ እጅም ችግር ነው፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨውና ቅባት የጣት አሻራ ሆኖ ይቀራል። ሲሰቅልም ሆነ ሲያወርድ ንጹሕ ጓንት ማድረግ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰዓት የሚቆጠርበትም ዕቃ አለ። በአሲድ ማጽዳትና በኤሌክትሪክ መለበጥ ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ተራ ብረት ይህን ይችለዋል። ጠንካራ ሞላና ራሱ ላይ 12.9 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ብሎን ግን ከተጠበቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ድንገት ሊሰበር ይችላል። መከላከያው ዕቃው ከገንዳ ከወጣ በኋላ ሳይዘገይ፣ በብዙ ደረጃዎች እንደተጻፈው በ4 ሰዓት ውስጥ፣ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ ለሰዓታት ማቆየት ነው። አውራጁ ለሻይ ሲወጣ መስቀያውን እንደተንጠለጠለ ቢተወው ይህ ሰዓት ያልፋል፤ በዓይን ግን ምንም አይታይም።

ከዚንክ ገንዳ የወጣ ዕቃም ርጥቡን ተደራርቦ መቀመጥ የለበትም። አየር በማያገኝበት መሀል የታቆረ ውኃ አዲሱን ዚንክ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። የኢትዮጵያ የቆርቆሮ ነጋዴዎች ይህን በክረምት ያውቁታል። የጣሪያ ቆርቆሮ ከጥቅል እየተዘረጋ ዚንክ ውስጥ ስለሚያልፍ እንደ በር አይሰቀልም፤ ዝናብ የነካው እስር ሳይፈታ መጋዘን ከተከመረ ግን በቅጠሎቹ መካከል ነጭ ዝገት ይወጣል። ዕቃው በእንጨት ተለያይቶ፣ ጎኑ ዘንበል ብሎ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ሆኖ መቀመጥ አለበት።

አውራጁ ከሁሉ ቀድሞ ብልሽቱን የሚያይ ሰው ነው፤ በደንብ ከተመለከተም ምንጩን ይጠቁማል። ጉድለቱ በየዙሩ በአንድ መንጠቆ ላይ ብቻ ከተደጋገመ ጥፋቱ የመንጠቆው ነው። የላይኛው ረድፍ ወፍሮ የታችኛው ከሳሳ አሰቃቀሉ ወይም የአኖዱ አቀማመጥ ይታያል። ጉድለቱ መስቀያውን ሙሉ ከሸፈነ ወደ ገንዳውና ወደ ማጽጃው መሄድ ይገባል። ይህ የሚቻለው ዕቃው ከመስቀያው ሳይወርድ ከታየ ነው። ሣጥን ውስጥ አንዴ ከተቀላቀለ የትኛው ከየት እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ የውፍረት መለኪያው ከጠርዝ፣ ከመሀል፣ ከላይና ከታች ናሙና እንዲወስድ ይደረጋል።

ዕቃቸውን ለእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ የሚያስረክቡ የብረታ ብረት ሱቆችና በያጆች ሦስት ነገር አስቀድመው ቢናገሩ ይጠቀማሉ። መጀመሪያ፣ የመያዣ ምልክት የት ላይ ቢቀር እንደማይጎዳቸው በሥዕል ወይም በጠመኔ ያሳዩ። ቀጥሎ፣ ጎድጓዳና ዝግ ዕቃ ካላቸው ቀዳዳው የት እንደሚበሳ ከመበየዱ በፊት ይጠይቁ፤ ከተበየደና ቀለም ከተቀባ በኋላ መብሳት ድርብ ሥራ ነው። በመጨረሻም፣ በዕቃው መካከል ጠንካራ ብሎን ወይም ሞላ ካለ ይህንኑ ጽፈው ይስጡ፤ ምድጃ ያለው ፋብሪካ መሆኑንም ያረጋግጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅት ከእነዚህ ገንዳዎች የሚወጣው የእጥበት ውኃ ወንዝ ከመድረሱ በፊት እንዴት እንደሚጣራ ይቀርባል።